የከዚራው ቤት ፕላን

ምንታምር ሐሙስ ጠዋት ታይዋን ገበያ ስትደርስ ከፍሬም ሻጮች ተራ ፊት ለፊት አንድ ሰው በደረቱ ተደፍቶ አገኘች። ወግቶት የሄደው ሰው የሕንፃ ፕላን የጠቀለለበትን ቱቦ ነጥቆ ተሰውሯል። ባለሱቆቹ በቆርቆሮ አሸዋ እያመጡ ደሙ ላይ ይደፋሉ። አንዲት ሴት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ በዳር በዳሩ ተሻገረች፤ ምንታምርም እንደሷ አደረገች። ሟቹን በስም አታውቀውም። ባለፈው ሰሞን ግን እዚሁ ተራ ላይ ጎን ለጎን ቆመው አንድ አሮጌ ወረቀት ወደ ፀሐይ ዘርግተው ሲመረምሩ ትዝ አላት። ሐሰተኛ ነው ተባብለው ነበር የተለያዩት። ዛሬ እውነተኛውን አግኝቶ መሆን አለበት።

በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ለአሮጌ ፕላን ሰው ሲገደል ወሬው ከምሳ ሰዓት አያልፍም ነበር። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው በብሎክ፣ በተደራረቡ የኪራይ ፎቆች ነው፤ ብሎክ ውስጥ ደግሞ ኪራይ የሚከፍለው ተከራዩ ሳይሆን ማስታወቂያ የሚያሳየው ግድግዳው ነው። ጎህ ሲቀድ አራቱም ግድግዳ ይበራል። የቤቱን ሰው በስሙ ጠርቶ እንደምን አደሩ ይላል፤ ሳሙናውን፣ ብድሩን፣ የቀብር መድኑን እያሳየ ሰው እስኪተኛ ድረስ፣ ከተኛም በኋላ ያወራል። ድሬ ድሮም አንቱታ የማትወድ ከተማ ናት፤ ልጅ አያቱን አንተ እያለ ነው የሚያድገው። ሰውን አንቱ የሚለው ግድግዳው ብቻ ነበር።

ግድግዳ መሸፈን ክልክል ነው። የሚፈቀደው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሰው እጅ የተሳለ የሕንፃ ፕላን፣ ወረቀቱ ያረጀ፣ ሕንፃው ራሱ ደግሞ ፈርሶ የጠፋ ከሆነ፣ በፍሬም ተደርጎ ሲሰቀል ክፍሉ የቅርስ ክፍል ይባልና የግድግዳው ብርሃንና ድምፅ ይጠፋል። ሕጉ ሲወጣ የታሰበው ለባለቪላዎቹ ነበር። እነሱ ሳሎናቸው ውስጥ የፈረሱ ሲኒማ ቤቶችን፣ የፈረሱ ሆቴሎችን፣ የፈረሱ መጋዘኖችን ፕላን በጥቁር ፍሬም ደርድረው እንግዳ ይጋብዙበታል፤ የትኛው ከሶፋው ቀለም ጋር እንደሚሄድ ይከራከሩበታል። እያደር ግን የብሎኩም ሰው ሕጉን ሰማ። ከዚያ ወዲህ ነው ታይዋን ላይ ቱቦ ይዞ መሄድ የሚያስገድለው።

ምንታምር አንደኛ ደረጃ ሳይንስ የምታስተምር፣ ዝምተኛ፣ ነገር የማትወድ ሴት ናት። ወደዚህ ገበያ ያመጣት የባሏ ሕመም ነው። ኃይለየሱስ ባቡር ነጂ ነበር። ሌሊት ሲነዳ አድሮ ቀን መተኛት ስለነበረበት፣ አንድ ጊዜ እንቅልፍ አሸንፎት በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ በሚስማር መታ። ተቆጣጣሪዎቹ ከቀትር በፊት ደረሱ። ብርድ ልብሱን ነቅለው በሥርዓት አጣጥፈው አልጋው ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ እሱን በዱላ አናቱን መቱት። ምንታምር ከበሩ ጋር ተጣብቃ ቆማ አየች። ጎረቤቶቹ በራቸውን ቀስ አድርገው ሲዘጉ ይሰማት ነበር። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ሲወጣ ውሃ ለመናትና ሰጠችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይጥለዋል። ግድግዳው ቀለም በለወጠ ቁጥር ዓይኑ ወደ ላይ ይገለበጣል፣ ምላሱን ይነክሳል፣ እጁ ያገኘውን ይሰብራል። እሷ በሻሽ አስራ፣ ጥርሱ መሃል ማንኪያ አስገብታ፣ እስኪበርድለት ላዩ ላይ ትተኛለች። ግድግዳው በዚያ መሃል ለወይዘሮ ምንታምር የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያስተዋውቃል። ሐኪሙ ሌላ ምክር አልነበረውም። ብርሃኑና ድምፁ ካልቀረለት ዝናቡ ሳይገባ ይሞታል አላት።

ሃሊማን ያገኘቻት በዚያ ሐሙስ ነው። ሃሊማ ዕድሜዋን በሙሉ ኮንትሮባንድ ስትነግድ የኖረች፣ ከጆሮዋ እስከ አገጯ የቢላዋ ጠባሳ ያላት አሮጊት ናት። ሱቋ በር ላይ የተደፋው አሸዋ ገና እርጥብ ነበር። ምንታምር የመጣችበትን ስትነግራት እያዛጋች ሰማቻት። ገበያው ውስጥ እውነተኛ ፕላን ካየች እንደቆየች፣ ያለው ሁሉ በሻይ የተነከረ አዲስ ወረቀት እንደሆነ፣ ሐሰተኛ የሰቀለ ሰው ደግሞ ግድግዳው ራሱ ተቆጣጣሪ እንደሚጠራበት ነገረቻት። ምንታምር ይህን ሁሉ ታውቃለች። ልትነሳ ስትል አሮጊቷ እጇን ያዘቻት።

«አቦ፣ ቁጭ በይ» አለቻት። «ከዚራ ሰፈር አንድ የድንጋይ ቤት ቀርቷል። ጋሽ ያኒ የሚባል ሽማግሌ አለበት። የቤቱን ፕላን ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ይኖራል፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ጊዜ ግን የለሽም። እኔ የማውቀውን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።»

ምንታምር በዚያው ከሰዓት ከዚራ ሄደች። ዛፎቹ ከተቆረጡ ቆይተዋል፤ መንገዱ በሁለቱም ወገን ብሎክ ነው፤ ብሎኮቹ እርስ በርሳቸው በፀሐይ ይጯጯሃሉ። በመሃላቸው አንድ ብቻ፣ ባለ ቅስት በረንዳ፣ አረንጓዴ መስኮት ያለው የቢጫ ድንጋይ ቤት ተደፍጥጦ ቆሟል። ከመስኮቶቹ አንዱ በእሳት ጠቁሯል። በሩን ስታንኳኳ የከፈተላት ሰው ገጀራ ይዞ ነበር።

ጋሽ ያኒ ረጅም፣ ፊቱ በጠቃጠቆ የተሞላ፣ ጎንበስ ያለ ሽማግሌ ነው። ከአያቶቹ አንዱ ለባቡሩ ሥራ ከግሪክ የመጣ፣ ፕላን የሚስል ሰው ነበር፤ እዚሁ አግብቶ፣ ይህንን ቤት በገዛ እጁ ስሎ፣ ሠርቶ ኖረበት። ልጆቹ ሁሉ እየተበተኑ የቀረው ያኒ ብቻ ነው። ብቻዋን መሆኗን ካረጋገጠ በኋላ ገጀራውን ከበሩ ጀርባ አስደግፎ አስገባት።

ፕላኑ ሳሎኑ ውስጥ ነበር። ወረቀት አይደለም፤ ሰም የተቀባ ስስ ጨርቅ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን ያሳልፋል። የቤቱ ፊት በጥቁር ቀለም፣ ድንጋዩ አንድ በአንድ፣ ጣራው በደበዘዘ ቀይ ውሃ ቀለም። የቅስቶቹ ክብ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ በቀጭን መስመር ይታያል። በረንዳው ላይ፣ የቤቱ ቁመት ከሰው ጋር እንዲመዛዘን፣ ጃንጥላ የያዘች ትንሽ ሴት ተስላለች። ምንታምር ታይዋን ላይ ብዙ ወረቀት አገላብጣለች፤ እንደዚህ ያለ ግን አላየችም። ለቅጽበት የመጣችበትን ረስታ ሴትዮዋን ብቻ ስታይ ቆየች።

ከዚያ እውነቱን ነገረችው። ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ዱላው፣ ስለ ማንኪያው ነገረችው። አልለመነችውም፤ ማልቀስም አልፈለገችም። ሽማግሌው እስክትጨርስ ጠብቆ ችግሩ የት ላይ እንዳለ በርጋታ አስረዳት። ቤቱ እስከቆመ ድረስ ይህ ጨርቅ ለማንም ግድግዳ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ቤቱ የፈረሰ ቀን ነው። መስኮቱ ላይ ሌቦች ናፍጣ የወረወሩትም ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ፕላኑን ሊወስዱ፣ ከዚያ ቤቱን ሊያጠፉ። ፕላኑን ለሷ ቢሰጣት እሷም አንድ ቀን ክብሪት ይዛ መምጣቷ አይቀርም።

«አልመጣም» አለች ምንታምር።

«ትመጫለሽ» አላት፤ ሲናገር ቁጣ አልነበረበትም። «ባልሽ መሬት ላይ ሲንፈራገጥ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ተመችቶኝ ስተኛ፣ ለምን አትመጪም? እኔ ብሆን እመጣለሁ።»

 እሱ ብድግ ብሎ ክንዷን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰዳትና ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ እንድታደርግ ነገራት። አደረገች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። ምንም የሚናገር የለም። ስሟን የሚያውቅ የለም። እንባዋ መጣና ማቆም አቃታት፤ ሽማግሌው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጠበቃት።

«ባልሽን አምጪው» አላት በመጨረሻ። «ደግነት እንዳይመስልሽ። አርጅቻለሁ፤ ስተኛ ቤቱን የሚጠብቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ባልና ሚስት ከዚራ ገቡ። ኃይለየሱስ የመጀመሪያውን ሰሞን የሳሎኑን ግድግዳ ታኮ ተኛ። ሲነቃ ይበላል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሳምንታት አለፉ፤ አልጣለውም። ፊቱ ሞላ፣ እጁ መንቀጥቀጡን ተወ። ከጋሽ ያኒ ጋር በረንዳው ላይ ዳማ መጫወት ጀመረ፤ የተቃጠለውን መስኮት ጠገነ፣ የጓሮውን አጥር በሽቦ አጠናከረ። ምንታምር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ከደጅ ይሰማታል፤ የሰው ድምፅ ብቻ መስማት እንዲህ ያጠግባል ብላ አስባ አታውቅም። ሽማግሌው አንዳንዴ ፕላኑን ከፍሬሙ ሳያወጣ ጣቱን መስታወቱ ላይ እየጎተተ ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ይነግራቸዋል። ይህ ጨርቅ እስካለ ቤቱ ቢፈርስ እንኳ መልሶ መሥራት ይቻላል ይል ነበር፤ ድንጋዩ ግልባጭ ነው፣ ዋናው ይኼ ነው ይላል።

አንድ ቀን ኃይለየሱስ ከጓሮው ቆፍሮ ዝገት የበላው ዲጂኖ አወጣ። ረጅም፣ ከባድ፣ ጫፉ የሾለ ብረት ነው። በአሸዋ ፈግፍጎ አነጣውና ከመኝታው ጎን አቆመው። ምንታምር ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። ወደ ብሎክ ተመልሶ እንደማይገባ፣ የሚመልሰው ሰው ካለ እንደሚገድለው ነገራት። ሰው እንዲህ ይላል ብላ አለፈችው።

የመጡት እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ጋሽ ያኒ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር፤ ምንታምር ኩሽና ውስጥ የከሰል ምድጃ ላይ የቲማቲም ስጎ ጥዳ ታማስላለች። መጀመሪያ የሰማችው የሎደር ሞተር ነው። በመስኮት ስታይ ሎደሩ የግቢውን በር ረግጦ ገብቶ በረንዳው ፊት ቆሟል። ከኋላው የተወሰኑ ሰዎች በእግር ገቡ። መሃላቸው ጋሽ ያኒ አለ፤ እጁ ወደ ኋላ ታስሯል፣ አፍንጫው ተሰብሮ ሸሚዙ በደም ርሷል።

አለቃቸው አቤኔዘር ይባላል። ገና ጎልማሳ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ። ምንታምር በር ላይ ስትወጣ በትህትና ሰላም አላት። ስለ ሁኔታው ይቅርታ ጠየቀ። ፕላኑ ከፍሬሙ ሳይወጣ እንዲመጣ፣ ከዚያ ሁሉም ልብሱንና ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ፣ ቤቱ ከምሳ በፊት እንደሚፈርስ ነገራት። ፕላኑን ያዘዘው ደንበኛ ባለቪላ ነው፣ ዛሬ ማታ እንግዳ አለው፤ ፕላኑ እራት ሳይቀርብ መሰቀል አለበት።

«አትስጫቸው» አለ ጋሽ ያኒ።

ከሰዎቹ አንዱ በጠመንጃ ሰደፍ ኩላሊቱን መታው። ሽማግሌው ተንበረከከ። የመታው ሰው ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ኃይለየሱስ ከበረንዳው ምሰሶ ጀርባ ወጣ። አልጮኸም፣ አልሮጠም። ዲጂኖውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ሰውዬው ማጅራት ላይ አሳረፈው። ድምፁ የደረቀ እንጨት ሲሰበር ይመስላል። ሰውዬው ሽማግሌው ላይ ተደፋ፤ እግሩ ጥቂት መሬቱን ቧጨረና ቆመ።

አቤኔዘር ሽጉጡን አወጣ። ምንታምር ወደ ባሏ የሚተኩስ መስሏት ነበር። እሱ ግን ጋሽ ያኒን ሆዱ ላይ በጥይት መታው። የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ ዕቃ ገዢ ዋጋ እንደሚናገር ነው የተኮሰው። ቀጥሎ ማን እንደሆነ ፕላኑ ሲመጣ እንነጋገራለን አለ።

ምንታምር ገባች። ፍሬሙን ከሚስማሩ አወረደችው፣ መስታወቱን ጉልበቷ ላይ ሰበረችው። ጨርቁን ስታወጣ መዳፏ ተቆርጦ ደሟ ቀዩ ጣራ ላይ ተንጠባጠበ። መቅደድ እንደማይበቃ ታውቃለች፤ ታይዋን ላይ መዳፍ የማታክል ቁራጭ እንኳ አንድ ክፍል ዝም ታሰኛለች። ወደ ኩሽና ገባች። ድስቱን ገፍታ አወረደችው፣ ጨርቁን ከሰሉ ላይ ዘረጋችው። ሰሙ ነው መጀመሪያ የተቀጣጠለው። ነበልባሉ ኮርኒሱን ሊነካ ተነሳ። ጫፉን በእጇ ይዛ እንደሚነድ ችቦ ሳሎኑን አቋርጣ ወጣች፤ አቤኔዘር ፊት ደርሳ ጣቶቿ እስኪለበለቡ አልለቀቀችውም። የቀረው ጥቁር ዓመድ ብቻ ነበር፤ ነፋሱ የሰውየው ጫማ ላይ በተነው።

አቤኔዘር ዓመዱን ቁልቁል ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቤቱን አየ፤ ቅስቶቹን፣ መስኮቶቹን፣ ጣራውን።

«አሁን ይኼ ቤት ምን ያደርግልኛል?» አላት።

«ምንም» አለች ምንታምር።

እሱም እንደዚያው ያሰበ ይመስላል። ፕላን የሌለውን ቤት ማፍረስ ነዳጅ መጨረስ ነው። ለሎደሩ ሹፌር ምልክት ሰጠው። የሟቹ ወንድም ከሰዎቹ መሃል ነበርና ኃይለየሱስን ካልገደልኩ አልሄድም አለ፤ አቤኔዘር ለዛሬ ትርፍ ጥይት እንደማያወጣ ነግሮት ክንዱን ይዞ ጎተተው። ወንድምየው ሲወጣ የወደቀውን ሽማግሌ ፊቱ ላይ ረገጠው። ሬሳቸውን የሎደሩ አካፋ ላይ ጭነው ሄዱ።

ጋሽ ያኒን በረንዳው ላይ አስደግፈው ቁስሉን በአንሶላ ጫኑት። አንሶላው ወዲያው ይሞላል። አምቡላንስ ከዚራ ድረስ ለተኩስ እንደማይመጣ ሦስቱም ያውቃሉ። ሽማግሌው ምን እንዳቃጠለች ሲነግሩት ዓይኑን ጨፈነ።

«ጃንጥላ የያዘችው ሴትዮ?» አላት።

«እሷም» አለች ምንታምር።

«የቤተሰባችን የመጀመሪያዋ እናት ነበረች» አለ። «ሌላ ምስል የላትም።»

ይቅር ይለኛል ብላ ጠበቀች። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሞተ። በግሪኮቹ መቃብር፣ ከዘመዶቹ ጎን ቀበሩት፤ ጉድጓዱን ኃይለየሱስ በዚያው ዲጂኖ ቆፈረው።

ወሬው ከቀብሩ ቀድሞ ነው የተሰራጨው። ከዚራ ውስጥ ማንም ሊያፈርሰው የማይፈልግ ቤት አለ፤ ግድግዳው አይናገርም። መጀመሪያ የመጣችው ሕፃን ያዘለች ሴት ናት። ምንም አልጠየቀችም፤ የውጪውን ግድግዳ ታካ ተቀመጠች፣ ሕፃኑም እሷም እዚያው እንቅልፍ ጣላቸው። ምንታምር ጥላ እንዲሆናቸው ነጠላዋን ዘረጋችላቸው። በማግስቱ ሌሎች መጡ። በሳምንቱ ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቱ፣ ኮሪደሩ ሰው ሆነ። ሽማግሌ፣ ወታደር የነበረ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ጆሮውን በጥጥ የደፈነ ተማሪ። ሰዎች ጉንጫቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው በፀጥታ ያለቅሳሉ። ምንታምር ቤቱን በማዳኗ ደስ ያላት ያኔ ነው። የባለጃንጥላዋ ሴትዮም ነገር በመጠኑ ቀለላት።

ግን ቤቱ ትንሽ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ከቤቱም ያንሳል። ግድግዳ ሥር ያለው አይነሳም፤ መሃል ያለው ይጠብቃል። አንድ ቀን ውሃ ሊጠጣ የተነሳ ሰው ሲመለስ ቦታው ተይዞ አገኘውና የተኛውን ሰው ጆሮ ነክሶ ቆረጠ። ሁለት ሴቶች ኮሪደር ውስጥ ሲተናነቁ አንዷ ራሷን ከድንጋዩ ጋር ተመታ ሳትነቃ ቀረች። ከዚያ በኋላ ኃይለየሱስ ሥርዓት አወጣ። ወለሉን በኖራ ከፋፈለው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የትከሻውን ስፋት ያህል ሰጠ። ራሱ ግቢው በር ላይ ቆመ። ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚመለስ እሱ ይወስናል። በአጥር ዘሎ የገባን ወጣት ጉልበቱን በዲጂኖ ሰባብሮ ወደ መንገዱ ጎትቶ ጣለው፤ ተመልሶ መጥቶ ምሳውን በላ።

አንድም ቀን አልጣለውም። ክንዱ እንደ ባቡር ነጂነቱ ዘመን ፈርጥሟል፣ ዓይኑ ጠርቷል፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ምንታምር ዲጂኖውን እንዲያስቀምጥ ለመነችው። ጋሽ ያኒ በሩን ከፈተልን እንጂ በኖራ አልለካንም አለችው። እሱ በትዕግሥት ሰማት። ጋሽ ያኒ በሩን የከፈተው ለሁለት ሰው እንደሆነ፣ ለሁሉም ከተከፈተ ግን ቤቱ ከብሎክ እንደማይሻል፣ ጫጫታ ጫጫታ እንደሆነ ነገራት። ትክክል ነበር። ያስፈራትም ትክክል መሆኑ ነው።

ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት፣ አንድ ሰውዬ እናቱን በጀርባው አዝሎ ወደ በሩ መጣ። አሮጊቷ አፏ አረፋ ደፍቋል፣ እግሯ የልጇን ጎን ይደበድባል። ምንታምር በረንዳው ላይ ነበረች፤ ገና ከሩቅ ስታያት ምን እንደያዛት አወቀች። ኃይለየሱስም ማወቅ ነበረበት። ቦታ የለም አለ። ሰውየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ፣ እስኪያልፍላት ድረስ ብቻ አለ። ቦታ የለም አለ ኃይለየሱስ እንደገና። ሰውየው እናቱን እንዳዘለ አንድ እግሩን ወደ ግቢው አስገባ፤ ኃይለየሱስ ዲጂኖውን አነሳ።

ምንታምር ሮጣ መሃላቸው ገባች። ፊቷን ወደ ባሏ አድርጋ ክንዷን ዘረጋች። አላየኝም ብላ ራሷን ልታታልል የምትችልበት መንገድ አልነበረም፤ ዓይን ለዓይን ተያይተዋል፤ ብረቱም ከዚያ በኋላ ነው የወረደው። ክንዷ ከክርኗ በታች ለሁለት ተሰበረ። ነጭ አጥንት ቆዳውን ገፍቶ ታየ። ውስጥ ያሉት ሰዎች ድምፁን ሰምተዋል፤ ቦታውን ለቆ ሊያይ የወጣ ግን አልነበረም።

 የተሰበረውን ክንዷን በደህናው አቅፋ እስክትተነፍስ ጥቂት ቆመች።

«የኔ ቦታ ባዶ ነው» አለች። «ከሳሎኑ በር በስተግራ። እሷ ትተኛበት።»

ኃይለየሱስ አሰበበት። የቤቱ ሰው ቁጥር አልተለወጠም። ዲጂኖውን መሬት ተክሎ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፤ ሰውየው እናቱን ይዞ አልፎት ገባ። 

ምንታምር ወጌሻ ፍለጋ በእግሯ እስከ መጋላ ሰፈር ሄደች። መንገዱ ላይ ብሎኮቹ አንድ በአንድ ይለዩዋታል፤ ወይዘሮ ምንታምር፣ ክንድዎን አይተናል፣ አዝነናል፣ አይዞዎት ይላሉ፤ የሕመም ማስታገሻ፣ የዱቤ ቀዶ ሕክምና፣ የሚያምር የክንድ ማንጠልጠያ ያሳዩዋታል። ደሙ በጣቶቿ ጫፍ እየተንጠባጠበ ተከተላት። አንዴ ብቻ፣ የደቻቱ ድልድይ ላይ፣ የምትወድቅ መስሏት መደገፊያውን ብረት ያዘች። ከታች በደረቀው የወንዝ አሸዋ ላይ ሰዎች ቱቦ ለያዘ ሰው አድፍጠው ተቀምጠዋል። ባዶ እጇን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

ወጌሻው አብዲ በሩ ላይ ሲያያት የሚሠራውን ትቶ ተነሳ። በርጩማ ላይ አስቀመጣት፣ የምትነክሰው ቆዳ ሰጣት፣ ክንዷን በዘይት አሸ። ስሟን፣ የት እንደምትኖር ጠየቃት፤ ልቧን ከክንዷ ላይ ለማንሳት ነው የሚጠይቃት። ከዚያ ሳታስበው ሳበው። አጥንቱ ሲገባ ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነባት፤ ስትመለስ አብዲ ሸምበቆውን እያሰረ ነው።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አላት።

ቆዳውን ከአፏ አወጣች። «ባሌ ነው።»

አብዲ ቋጠሮውን አጠበቀና ቀና ብሎ አያት። «ጤና የለውም እንዴ?»

«ታሞ ነበር» አለች ምንታምር። «አሁን ድኗል።»